የራስ ቅልና ጠባይ



በአማርኛ «ግንባር» የአካል ክፍል ስም ብቻ አይደለም። «በግንባሩ የተጻፈ» ሲባል ዕጣ ፈንታውን ማመልከቱ ነው፤ «ጭንቅላት አለው» ማለትም ብልህ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ዕጣ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች የራስ ቅል ዳስሰው ጉብታ ሲቆጥሩ አልታዩም። አውደ ነገሥት የሚገልጠው የስሙን ፊደላት ይቆጥራል፤ ሲኒ አንባቢዋም የምትመለከተው የቡናውን አተላ ነው። ቅል ዳስሶ ጠባይን ማንበብ፣ ያውም በሳይንስ ስም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው።

ጀማሪው እ.ኤ.አ. በ1758 የተወለደው ጀርመናዊው ሐኪም ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል ነው። በተማሪነቱ ጊዜ በቃል በማጥናት የሚበልጡት ጓደኞቹ ዓይናቸው ጎላ ያለ መሆኑን አስተዋለ ይባላል። ከዚያ ተነሥቶ አንጎል 27 ልዩ ልዩ ክፍሎች እንዳሉት፣ እያንዳንዱም አንድ ጠባይ ወይም ችሎታ እንደሚይዝ፣ የበረታው ክፍል አጥንቱን ገፍቶ ከውጭ ጉብታ እንደሚያበቅል አስተማረ። ትምህርቱ ፍሬኖሎጂ ተባለ። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ለሃይማኖት ያሰጋል በማለት በ1801 መጨረሻ ላይ በቪየና እንዳያስተምር ከለከለው፤ ክልከላው ግን ዝናውን አባዛለት እንጂ አልቀነሰውም።

የጋል አሳብ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለልዩ ልዩ ሥራ በአንጎል ውስጥ ልዩ ልዩ ስፍራ አለ የሚለው ክፍል ውሎ አድሮ ተረጋግጧል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 «ታን» ከማለት በቀር መናገር የተሳነውን በሽተኛ አንጎል ከሞተ በኋላ መርምሮ፣ ጉዳቱ በግራው የፊት ክፍል መሆኑን አሳየ። የወደቀው የጉብታው ነገር ነው። የቅሉ ውጫዊ ገጽ የውስጡን ቅርጽ ተከትሎ አይሄድም፤ ለምሳሌ ከቅንድብ በላይ ባለው አጥንት ውስጥ አየር የያዘ ክፍተት አለ፤ ግንባሩን የሚያጎላው ይህ ክፍተት ሊሆን ይችላል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎችን ራስ በማግኔት ምስል ለክተው የጋልን ትምህርት ፈትነውታል። የሚደግፈው ነገር አላገኙም።

ጉብታ ቆጠራው ቢደክምም ልማዱ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። ኢጣልያዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ባሳተመው መጽሐፉ ወንጀለኛ በቅሉ ቅርጽ ይታወቃል አለ። ለአገራችን የቀረበው ታሪክ ግን የዘር ልኬት ነው፤ ይህም ጠለቅ ብሎ መመልከትን ይጠይቃል።

ጀርመናዊው ብሉመንባኽ በ1795 የሰውን ልጅ በአምስት ሲከፍል አንደኛውን ክፍል «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ሰየመ። ለዚህ ክፍል ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ቅል ግን የጊኒ ሴት ቅል ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1897፣ ኢጣልያዊው ጁዜፔ ሰርጂ ስለ አፍሪካ ካማውያን መጽሐፍ አሳተመ። በቅል ቅርጽ እየመደበ ኢትዮጵያውያንን ከሜዲትራንያን ሕዝቦች ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች አደረጋቸው። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ሊዲዮ ቺፕሪያኒ መጣ። በወረራ ዘመን ወደ ጣና ሐይቅ ከተላከው የጥናት ቡድን ጋር ሆኖ ሰዎችን ለካ፤ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የሰው ፊት በጄሶ እየቀዳ ወስዷል። የጥቁር ሕዝብ አእምሮ ዝቅተኛ ነው፣ አይሻሻልምም ብሎ የሚጽፍ ሰው ነበር። በሐምሌ 1930 ዓ.ም. የወጣውን የፋሺስት የዘር መግለጫ ከፈረሙት 10 ሰዎች አንዱ ሆኗል።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ራስ ቅርጹን አለመለወጡ ነው። የተለወጠው የለኪው መንግሥት ፍላጎት ነበር። ቅኝ ግዛት ሲቆም ዘመድ የነበረው ራስ የበታች ሆነ። ነገሩም በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከአገሬው ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት አስፈርዶበታል።

ቅል ከቶ ምንም አይናገርም ማለት ግን አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋንና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የዓለም ሊቃውንት ቅል ፍለጋ የሚጓዙበት መንገድ ነው። ያን ጊዜ በወሎ ይቆጠር በነበረው ሀዳር ድንቅነሽ (ሉሲ) በኅዳር 1967 ዓ.ም. ተገኘች፤ ከራስ ቅሏ የተረፈው ግን ጥቂት ስባሪ ነው። የወገኖቿ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ለመሆን የቀረበ ቅል እዚያው ሀዳር በ1984 ዓ.ም. ሲገኝ፣ የአንጎሉ ስፍራ 550 ሚሊ ሊትር ያህል ሆነ። በዲኪካ በ1993 ዓ.ም. የተገኘችው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ሰላም፣ አንጎሏ በቅሏ ውስጥ የተወው አሻራ ተጠንቶ፣ አደረጃጀቱ የዝንጀሮ መሰል ሆኖ እድገቱ ግን ረዘም ያለ እንደ ነበረ በ2020 እ.ኤ.አ. ተገልጧል። በመካከለኛው አዋሽ የተገኘው የሔርቶ ጎልማሳ 160,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ሲኖረው የአንጎሉ ስፍራ 1,450 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይኸውም ከዛሬው ሰው አማካይ ይበልጣል። ለጋስ ይሁን ንፉግ፣ ቁጡ ይሁን ታጋሽ ከዚህ ቁጥር የሚያወጣ የለም። አብሮ በተገኘው የሕፃን ቅል ላይ የድንጋይ ስለት ጭረትና በተደጋጋሚ በመዳሰስ የመጣ ልስላሴ ታይቷል። እነዚህም የሚመሰክሩት ቅሉን በእጃቸው ስለ ያዙት ሰዎች እንጂ ስለ ባለቤቱ ጠባይ አይደለም።

በሕይወት ያለ ሰው ራስም የሚነበብበት ስፍራ አለው፤ እርሱም ጤና ጣቢያ ነው። ዱሮ ቁንጮ ይተውበት፣ ቅቤ ይደረግበት የነበረው የሕፃን እርግብግቢት በተቅማጥ ውኃው ሲያልቅ ይጎደጉዳል፤ በማጅራት ገትር ጊዜ ሊያብጥ ይችላል። ሲወለድ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል የነበረው የራስ ዙሪያ በአንድ ዓመት ወደ 46 ይደርሳል፤ ከዚህ አካሄድ ፈጥኖ ቢያልፍ በአንጎል ውስጥ ውኃ መጠራቀሙን፣ እጅግ ቢዘገይ የአንጎሉ እድገት መጓደሉን ያስጠረጥራል። እናቲቱ «ራሱ ትልቅ ነው፤ ሊቅ ይሆን?» ብትል ሜትሩ የሚመልስላት የለም። አንድ ልኬት ብቻውን ለሕመሙም ቢሆን ብዙ አይናገርም። በደጋንም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ የጤና ባለሙያ ሕፃኑን ወደ ደሴ ሆስፒታል መላክ አለመላኩን የሚወስነው፣ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሜትር ከቅንድቡ በላይ አዙሮ፣ የተገኘውን ቁጥር በካርዱ ላይ ከቀደመው ጋር ካስተያየ በኋላ ነው።