የቤት ላም ስትገዙ
(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተጻፈ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ላም ነው። ስለ ብዙ ላም አይደለም። በአንድ ቤት ስለምትታሰር፣ ለልጆች ስለምትታለብ አንዲት ላም ነው።

አንበሳሜ ገበያ ላም ልትገዙ ወጥታችኋል እንበል። እህል ሸጣችሁ፣ ምናልባትም አንድ ወይፈን ጨምራችሁ ገንዘቡን ቋጥራችኋል። ደላላው ይመጣል። «ይህችን እዩልኝ! ግቷ እኮ መሬት ሊነካ ነው!» ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ እንዲህ ያለች ላም ገዝቶ ገባ። ቡሬ ነበረች፣ ደልደል ያለች፣ ግቷ የተወጠረ። ጎረቤት እየወጣ «ይባርክላችሁ» አለን። ማታ እናቴ አለበቻት፤ ማለቢያው ሞላ። በማግስቱ ግማሽ እንኳ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን የታለበው ታናሽ እኅቴን አላጠገባትም። ለካ ላሟ ለገበያ ስትዘጋጅ ሁለት ጊዜ ሳትታለብ ቆይታ ኖሯል። ግቷም ቢታለብ አይጎድልም፤ አብዛኛው ሥጋ ነው። ያቺ ላም የሰማይ ላም ሆነችብን። አባቴ ከብት ያውቃል የሚባል ሰው ነበር። ግን ያየው ግቱ ሞልቶ ሳለ ብቻ ነው።

እናንተ ግን ግቱን ሁለት ጊዜ እዩት፤ ሳይታለብ አንድ ጊዜ፣ ከታለበ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። የደግ ላም ግት ከታለበ በኋላ እንደ ባዶ ስልቻ ይጨማደዳል። እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳብሱት። ቆዳው ለስላሳ ይሁን። ጠጣር እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ቋጠሮ ካገኛችሁ የግት በሽታ አለባት ወይም ነበረባት ማለት ነው። ግቱ ከሆዷ ጋር በደንብ የተያያዘ፣ ከቋንጃዋ በታች ያልተንዘላዘለ ይሁን፤ የተንዘላዘለ ግት በእሾህና በጭቃ ይጎዳል። ጡቶቹ አራት፣ መጠናቸው የተቀራረበ፣ ለእጅ የሚመቹ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ጭማቂ በመዳፋችሁ ላይ አልባችሁ ተመልከቱ። የረጋ፣ ውኃ የመሰለ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ተዋት። ከአራቱ አንዱ ቢደርቅ በሦስቱ ዋጋ ግዟት እንጂ በአራቱ አትግዟት።

ይህ ሁሉ በገበያ ጫጫታ መካከል አይሆንም አትበሉ። ላሟ ከወደደቻችሁ ባለቤቷን «ማታ እቤትህ መጥቼ ስትታለብ ልይ፣ ነገም ጠዋት እደግማለሁ» በሉት። ደግ ሻጭ አይከፋም። የሚቆጣ ከሆነ የተቆጣበትን ምክንያት እናንተው ገምቱት።

ጥጃዋንም እዩ። የአገራችን ላም ጥጃዋ ካልተጠጋት ወተቷን አታወርድም፤ ስለዚህ የምትገዙት ላሚቱንና ጥጃውን አብራችሁ ነው። አንዳንድ ሰው የራሷ ጥጃ የሞተባትን ላም ከሌላ ጥጃ ጋር አስሮ ያቀርባል። ጥጃውን ፈትታችሁ ልቀቁት። የእርሷ ከሆነ አሽትታ ትልሰዋለች፤ ካልሆነ በእግሯ ትገፋዋለች ወይም በቀንዷ ትመታዋለች።

አሁን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከጎን ስታዩአት ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ጎድኗ ሰፊና ጥልቅ ይሁን፤ ብዙ ገለባና ሣር የሚከተው ያ ሆድ ነው። ከፊት ስታዩአት በሁለቱ እግሮቿ መካከል ደረቷ ሰፋ ይበል። ከኋላ ስታዩአት ዳሌዋ ሰፊ፣ የኋላ እግሮቿ ቀጥ ያሉና የተራራቁ ይሁኑ። እግሮቿ ከተጠጋጉ ለግቱ ቦታ የለም፤ ዳሌዋ ከጠበበም ስትወልድ ትቸገራለች። ከዚያ አስኪዷት። ሰኮናዋ የተሰነጠቀ ወይም የምታነክስ ላም ሜዳ ላይ ብትችል እንኳ ወደ ደብረ ታቦር ዳገት ስትወጣ አትችልም። የጣና ዙሪያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱም መኖውም ሌላ ነው።

ዕድሜዋን በጥርሷ እወቁ። ቀንድ ሊፋቅ ይችላል። ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ ይህ እንከን አይደለም። ከታች ስምንት አሏት። ሁለቱ ብቻ ሰፋፊ ከሆኑ ገና ጊደር ናት፤ ስምንቱም ከሰፉ ከአራት ዓመት በላይ ናት። ጥርሷ አጥሮና ተራርቆ ካገኛችሁት አርጅታለች። ለእኔ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጥጃዋን የወለደች ትሻላለች፤ ግቷም ጠባይዋም ታውቋልና።

እንግዲህ ስለ ዘሯ። ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ሜዳ ያለው ቡሬ ከብት የፎገራ ዘር ይባላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን ዘር ሲያጠናና ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሜዳው በሩዝ እየተያዘ፣ ዘሩም ከሌላው እየተቀላቀለ ሄዷልና። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ወይም ሦስት ሊትር ብትሰጣችሁ አትናቋት። ዲቃላ የፈረንጅ ላም ከዚህ ይበልጥ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ፋጉሎና በቂ ድርቆሽ ከሌላችሁ ቶሎ ትከሳለች። ቡሬ ሁሉ ደግሞ ፎገራ አይደለም። ቀለም አይታለብም።

ረግረግ ዳር የዋለችን ከብት ስትገዙ ከመንጋጋዋ ሥር ዳብሱ። ለስላሳ እብጠት ተንጠልጥሎ፣ ጠጉሯ ሻክሮ ከከሳች የጉበት ትል ይዟት ሊሆን ይችላል። ይህን ትል የሚያደርሰው በረግረግ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። መድኃኒት አለው፤ እናንተ ግን የታመመችን በጤነኛ ዋጋ አትግዙ። አስወርዳ ታውቅ እንደ ሆነም ጠይቁ። የሚያስወርደው በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋልና፣ የማንኛዋንም ላም ወተት ለልጆች አፍልታችሁ ስጡ።

ዋጋው ሲቆረጥ ወረቀትና እርሳስ አውጡ። የላሟን ቀለም፣ የወለደችበትን ቀን፣ በስንት ብር እንደ ገዛችሁ ጻፉና ሻጩም ምስክሮቹም ይፈርሙ። «ከብዳለች» ካላችሁ ኮርማ ያገኘችበትን ቀን ይናገርና ጻፉት። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ገደማ ነው። መስከረም 20 ካለ ሰኔ 30 አካባቢ ትወልዳለች ማለት ነው። ያን ቀን ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ከመውለዷ ሁለት ወር አስቀድማችሁም ማለብ አቁሙ።