ስልኩ የማን ነው?



ስለ ሴቶች እኩልነት ሲወራ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ይጠቀሳል፣ ይጨበጨባል፣ ወደየቤት ይኬዳል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሲም ካርድ ነው። አትሳቁ!

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላችሁ በጮቄ ግርጌ ያሉትን መንደሮች እዩ። እቤቱ አንድ ስልክ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው ኪስ ነው። ሲሙ የወጣው በሱ መታወቂያ ነዋ! በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ገንዘቡም ስልኩን ተከትሎ ሄደ። ልጅ ከቤሩት ለእናቷ ብላ ብር ብትልክ፣ መልእክቱ የሚደርሰው ባልየው ኪስ ውስጥ ነው። እናት "ገባ ወይ?" ብላ ትጠይቃለች። ቅቤዋን ተሸክማ ማርቆስ ገበያ ስትወጣም የዕለቱን ዋጋ የሚነግራት ያው ገዢዋ ነጋዴ ነው።

ይህችኑም አልማሯትም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔቱ ድርግም አለ፤ ለወራት! በጎረቤት ልጅ ስልክ፣ በኢሞ፣ ዐረብ አገር ያለች ልጇን ድምፅ ትሰማ የነበረች እናት ምን በወጣት? ጠመንጃ ያነሳችው እሷ ናት?

በ2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮምን እንዲመሩ የተሾሙት ሴት ናቸው፤ ወ/ሮ ፍሬሕይወት ታምሩ። ሹመቱ አኩርቶናል። የጮቄዋን ሴት ግን ባለ ሲም አላደረጋትም።

እንግዲህ ቴሌ በገበያ ቀን ድንኳን ጥሎ ለሴቶች በየስማቸው ሲም ያውጣ። ቀበሌም "ባልሽን ጥሪ" ሳይል መታወቂያዋን ይስጣት። መስመር ቆራጮችም ለቆረጡበት ምክንያት በአደባባይ ይጠየቁ።