ልጆቻችን ክፍል ውስጥ እጃቸውን እንዲያወጡ
(የማኅበራችን ጸሐፊ በወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ትምህርት ልናገር ስነሣ «እሱ ደሞ ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ከስድስተኛ ለምን እንዳላለፍኩ አውቃለሁና እሱን ልንገራችሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ሰዓት እጄን አውጥቼ የተሳሳተ መልስ ሰጠሁ። አስተማሪው «ተቀመጥ፣ አንተ ድንጋይ!» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አላወጣሁም። ያልገባኝን ስለማልጠይቅ ያልገባኝ እየተቆለለ ሄደ፤ በመጨረሻ ደብተሬን ጣልኩ። ይህን የምለው አስተማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ማስተማር ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደሞ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጧት ጧት «ሆዴን ያመኛል» እያለ አስቸገረን። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ምንም የለበትም ተባልን። እንግዲያው የሚበድለው ሰው አለ ብዬ ልጣላ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህርቷ ወንበር ሰጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ቤት ሲሳሳት ምን ትሉታላችሁ?» አፌ ተያዘ። ለካ እኔም «ድንጋይ» ነው የምለው! የተሰደብኩትን ስድብ ለልጄ አወረስኩት።

መምህርቷ የሚሠሩትን አስረዱኝ። ልጅ ሲሳሳት «እንዴት አድርገህ እዚህ ደረስክ? እስቲ አሳየን» ይላሉ እንጂ አያስቁበትም። ዓርብ ዓርብ ደሞ ከመለቀቃቸው በፊት ለአሥር ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ ማን ምን እንዳደረገለት ይናገራል። «እርሳስ አዋሰችኝ»፣ «ስወድቅ አነሣኝ»፣ «ክፍልፋይ አስረዳኝ» ይላሉ። ምስጋናው በደፈናው አይደለም፤ ሰውየውም ሥራውም ተለይቶ ይጠራል። አመስጋኙ የሰው ውለታ ማየት ይለምዳል፤ ተመስጋኙም «ለካ እኔም እጠቅማለሁ» ይላል።

ነገሩ የተጠና ነው። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ አንድ ጥናት፣ በ11 ክፍሎች የሚማሩ 221 ልጆች ተሳትፈው ነበር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉት፣ የሚያስመርራቸውን ከጻፉት ይበልጥ በትምህርት ቤታቸው ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ሲጠየቁ ያው ነበር።

ለኛ ለራሳችን እንኳ እንግዳ ነገር አይደለም። በቡሄ ልጆች ሙልሙላቸውን ተቀብለው ቤቱን ሳይመርቁ ይሄዳሉ እንዴ? አይሄዱም። ያንን ወደ ክፍል ማስገባት ነው። ታዲያ ምስጋና ማለት ዝም ማለት እንዳይመስላችሁ። የተበደለ ልጅ «ተበደልኩ» ማለትንም ይልመድ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። ካላስቦካነው ግን መቼ ይለምዳል? ስለዚህ ወላጆችን ሦስት ነገር እለምናለሁ።

1ኛ/ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅክ? ማን ረዳህ? አንተስ ማንን ረዳህ?» እንበል።

2ኛ/ ሲሳሳት አንስደበው፤ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አናወዳድረው።

3ኛ/ ትምህርት ቤት የምንሄደው ስንጠራ ወይም ልንጣላ ብቻ አይሁን። በዚህ ወር ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ ቀን ሄደን፣ የልጃችንን አስተማሪ ስለ አንድ የታወቀ ሥራ እናመስግን።

ልጄ አንደኛ አልወጣም፤ መካከለኛ ነው። የጧቱ ሆድ ሕመም ግን ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ምን አለኝ መሰላችሁ? «አባዬ፣ ዛሬ ተሳሳትኩ። ግን እጄን አውጥቼ ነው!» አለኝ። እኔ በሱ ዕድሜ ያጣሁት ይህንን ነው።

ወንበሮቹን ከጧት ጀምራችሁ የደረደራችሁልንን ወጣቶች ከልብ አመሰግናለሁ።