ቤቱን የለቀቀ ዜሮ



አውሮፕላን በራሳችን ላይ ሲያልፍ ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። በትምህርቱ ጊዜ ብዙዎቻችሁ «ለመሆኑ ያ ነገር መንገዱን በምን ያውቃል? በሰማይ ዛፍ የለ፥ ወንዝ የለ፥ የሚጠየቅ ሰው የለ» ብላችሁናል። የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱም ከቁጥር ትምህርታችን ብዙ አይርቅም።

ሊቃውንት ዓለምን በሐሳብ መስመሮች ከፋፍለዋታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረዱት ኬንትሮስ፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉት ኬክሮስ ይባላሉ። መስመሮቹ ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ማንኛውም ቦታ፥ የእኛም ቀበሌ ቢሆን፥ በሁለት ቁጥር ሊጻፍ ይችላል።

በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ መንገድ የሚመራ መሣሪያ አለ። አውሮፕላኑ ምን ያህል እንደ ሄደ፥ ወዴት እንደ ታጠፈ ይቆጥራል። እስቲ ዓይኑን በጨርቅ የታሰረ ሰው አስቡ። እርምጃውንና መታጠፊያውን ልብ እያለ ቢሄድ የት እንደ ደረሰ ሊነግራችሁ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን መነሻውን በትክክል ከነገሩት ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ አቁመውት «ወንዝ ዳር ነህ» ቢሉት፥ አንድ እርምጃ ሳይስት ቢቆጥርም የሚናገረው ሁሉ ስሕተት ይሆናል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው፤ የነገሩትን ያምናል። በአንዳንድ አውሮፕላን ቁጥሩን ከሳተላይት ራሱ ይወስዳል፤ በአንዳንዱ ግን ገና ሳይነሡ አብራሪው በእጁ ይጽፍለታል።

መጋቢት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. የኤርኤዥያ ኤክስ አውሮፕላን ከአውስትራሊያ ከተማ ከሲድኒ ወደ ማሌዢያ ዋና ከተማ ወደ ኩዋላ ላምፑር ሊሄድ ተዘጋጀ። ከ200 በላይ መንገደኞች ተሳፍረዋል። እንደ ወትሮው ቢሆን ዋናው አብራሪ በውጭ እየዞረ አውሮፕላኑን ያያል፤ ረዳቱ በውስጥ መሣሪያውን ያሰናዳል። በዚያን ቀን ግን የዋናው አብራሪ የጆሮ መከላከያ አልተገኘም። በሞተሩ ጩኸት መካከል ያለ እርሱ መውጣት ስለማይቻል ሥራ ተለዋወጡ። ረዳቱ ወጣ፥ ዋናው በውስጥ ቀረ። የቆሙበት ቦታ ቁጥር ከመስኮቱ ፊት ለፊት በሰሌዳ ተጽፏል። ዋናው አብራሪ እርሱን እያየ ጻፈ። የኬንትሮሱ ቁጥር ይህ ነበር፦

15109.8

የጻፈው ግን ይህን ነው፦

01519.8

እስቲ ሁለቱን በጣታችሁ እየነካችሁ አስተያዩአቸው። የጠፋ ቁጥር የለም፥ የተጨመረም የለም። ዜሮ ብቻ ቤቷን ለቃ ወደ ፊት ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ዲግሪ ናቸው፤ ስለዚህ 151 የነበረው 15 ሆነ። የአንድ ቤት፥ የአሥር ቤት፥ የመቶ ቤት እያልን ስናደክማችሁ «ምን ያደርግልናል?» ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉልን! መሣሪያው በአፍሪቃ ደቡብ ጫፍ፥ ከኬፕታውን በስተ ምዕራብ ባሕር ላይ የቆመ መሰለው። ስሕተቱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከመነሣታቸው በፊት መሣሪያዎቹ በድምፅና በጽሑፍ አስጠነቀቁ። አብራሪዎቹ ግን ምልክቱን ተከታትለው ምክንያቱን አልፈለጉም። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ለራስ መሪው መሣሪያ እንደ ተለቀቀ ወደ ማይገባው ወደ ግራ ታጠፈ። በሰማይ ላይ ሊያቃኑት ሲነካኩት ደግሞ ባሰበት። ወደ ሲድኒ እንዳይመለሱ ደመናው ዝቅ ብሏል። በመጨረሻ በምድር ያሉ ተቆጣጣሪዎች በራዲዮ እየመሩአቸው ሜልቦርን በሰላም አረፉ። በቅሎ ስትጫን መጫኛውን በደጃፍ የማያጠብቅ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲያጠብቅ ምን እንደሚደርስበት ለእናንተ አንነግራችሁም።

ለዚህ ነው በአውሮፕላን ሥራ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከምንጩ ጋር እያስተያየ የሚመለከተው። እናንተስ ያለ እማኝ ውል ትዋዋላላችሁ? ሁለተኛው ሰው ግን «አዎን፥ አዎን» ለማለት ብቻ ከተቀመጠ እማኝ አይባልም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አብራሪው በትክክል ጽፎ ቁጥሩ ራሱ የተለወጠ ይሆናል። ኅዳር 18 ቀን 1972 ዓ.ም. የኒውዚላንድ አየር መንገድ አውሮፕላን ሰዎችን የበረዶውን አገር አንታርክቲካን ሊያስጎበኝ ሄደ። አብራሪዎቹ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያዩት መንገድ በባሕር ወሽመጥ ላይ የሚያልፍ ነበር። በመነሻቸው ዋዜማ ሌሊት የቢሮ ሠራተኞች በኮምፒዩተር ውስጥ የነበረውን ቁጥር «አረሙት»፤ ለአብራሪዎቹ ግን የነገረ የለም። መንገዱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ በቀጥታ ወደ ኤሬበስ ተራራ አመራ። አብራሪዎቹ በጠዋት የተሰጣቸውን ቁጥር ሳያዛንፉ ጻፉ። በረዶውና ደመናው አንድ ዓይነት ነጭ ስለ ነበሩ ተራራው አልታያቸውም። 257 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

መጀመሪያ አብራሪዎቹ ተወቀሱ፤ ሙታን መልስ አይሰጡም። በ1973 ዓ.ም. ግን ዳኛ ፒተር ማሆን የሚመሩት አጣሪ ኮሚሽን ዋናው ምክንያት ቁጥሩ ተለውጦ ለአብራሪዎቹ አለመነገሩ ነው ሲል ገለጸ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቀጠለ። የአገሩ መንግሥት የሟቾቹን ቤተሰቦች በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀው ልክ በ40 ዓመቱ፥ ኅዳር 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።