የእግር ጀርባ ላይ የሚወጣ አጥንት

የጫማ ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ፣ በእግሩ ጀርባ ላይ፣ ጠንካራ እብጠት የወጣበት ሰው ብዙ ነው። ባዶ እግሩን ሲሆን ምንም አይለውም፤ ጫማውን አጥብቆ ያሰረ ቀን ግን እስከ ማታ ሲጠዘጥዘው ይውላል። ከስክስ አጥልቀው ቆመው የሚውሉ የጥበቃ ሠራተኞች ያውቁታል። ለስግደት እግራቸውን አጥፈው የሚቀመጡ እናቶችም፣ የእግራቸው ጀርባ ወለሉን ሲነካ ያማቸዋል።

ያ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አጥንት ነው። በአንድ እግር 26 አጥንቶች አሉ። መሀል እግር ላይ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች በዕድሜ ወይም በቆየ ጉዳት ልም አጥንታቸው ሲሳሳ፣ ጠርዛቸው ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሥጋ የለም፤ ከስሱ ቆዳ ሥር ጅማትና ነርቭ ያልፋል። ማሰሪያው ሲጫን በአጥንቱና በጫማው መሀል የሚደቆሱት እነሱ ናቸው። አንዳንዱን ሰው በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሀል የሚያደነዝዘውም ለዚህ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ እሽቱ ነው። «ወልቆ ነው፣ ይመለሳል» ተብሎ ስንቱ እግሩን ሰጥቶ ሲጮህ ይውላል! የበቀለ አጥንት ታሽቶ አይገባም። የሚጎዳው በላዩ ያለው ለስላሳ አካል ነው።

እስቲ መጀመሪያ የጫማችሁን ማሰሪያ ፍቱት። መልሳችሁ ስታስሩ፣ እብጠቱ ጋ ስትደርሱ ክሩን አታመሳቅሉት፤ ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ ቀጥ አድርጋችሁ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አሳልፉትና ከዚያ በላይ እንደ ወትሮው እሰሩ። እብጠቱ ላይ እንደ መስኮት ክፍት ቦታ ይቀርለታል። ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማም መሀል እግርን ስለማያጣጥፍ ሕመሙን ያስታግሳል። ይህ ካልበቃ ሐኪም በራጅ አይቶ መድኃኒት ወይም መርፌ ያዝዛል፤ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው።

እብጠት ሁሉ ግን አጥንት አይደለም። ሲነኩት ለስለስ የሚል ከሆነ ፈሳሽ የቋጠረ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሌሊት ቀልቶ፣ አላስነካ ብሎ ካደረ ሪህን ያስጠረጥራል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ባያመውም እንኳ ቸል አይበል። ነርቩ ስለደነዘዘ አጥንቱ ሳይሰማው እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል፤ እግሩን ሳይረግጥበት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ።