የኮሜንታተሩን ድምፅ ዝጋው

እሱ፦ ሸጎሌ ፕሌይስቴሽን ቤት ያሉ ልጆች የእግር ኳስ ጌም ሲጫወቱ የኮሜንታተሩን ድምፅ ዜሮ አድርገው የደጋፊውን ጩኸት ብቻ ይለቁታል። ልክ ናቸው! ስታዲየም ውስጥ ጆሮሽ ላይ የሚተነትን የለም።

እሷ፦ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጠህ አታውቅማ! ከኋላህ ያለው ሰውዬ ዳኛውንም አሰልጣኙንም ሲተነትን ነው የሚውለው።

እሱ፦ እሱማ ይጣፍጣል። ጌሙ ግን ካሜራው ከጎን ከፍ ብሎ፣ ሪፕሌይ፣ ጥግ ላይ ውጤት... ቲቪውን ነው የሚኮርጀው። የቡናና የጊዮርጊስ ደርቢ ጭፈራ የታለ?

እሷ፦ ልጆቹ ምኑን ይናፍቁ? አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ዓመታት ቆየ። ሊጋችን ራሱ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ።

እሱ፦ ታዲያ ድምፁን ለምን ዘጉት?

እሷ፦ ለራሳቸው ወሬ ነዋ! የተሸነፈው ጆይስቲኩን አስረክቦ፣ ከኋላ ቆሞ «አቀብለው እንጂ!» ይላል። የቤቱ ባለቤት ካልተቆጣ አያቆምም።