የኮምቢያችን ካምቢዮ ነገር
(በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተሰጠ ገለጻ)



ባለፈው ስብሰባ «ኮምቢዋ ለምን ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገባች? ገንዘቡስ ለምን ሁለት ጊዜ ወጣ?» ተብሎ ስለተጠየቀ፣ እኛ የንብረት ክፍል ሰዎች መልሱን ይዘን ቀርበናል። ነገሩ የመካኒክ ነገር ቢሆንም የሁላችንም መዋጮ ያለበት ስለሆነ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ እንናገረዋለን። ጥፋቱ የማን እንደነበረም አንደብቅም።

እንደሚታወቀው ኮምቢያችን እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስዋገን ናት። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና በርሜሉን ተሸክማ ስንቱን ዳገት ወጥታለች። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ጀመረች። ሹፌሩ የማርሹን ዘንግ በጉልበቱ ደግፎ ነበር የሚነዳው። ካምቢዮው ሲፈታ ማርሾቹን የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች አልቀው፣ የሦስተኛው ጥርስም ተሸራርፎ ተገኘ። ሌላ መኪና እንግዛ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለው የመኪና ዋጋ የእድር ኪስ የሚችለው አይደለም። ስለዚህ ከአሮጌው በኋላ የተሠራ፣ ብዙ ያልተበላ ካምቢዮ ፈልገን እንለውጥ አልን።

ሶማሌ ተራ ስንዞር ውለን የ1971 ሞዴል የቮልስ ካምቢዮ አገኘን። ሻጩ «ቮልስና ኮምቢ ወንድማማች ናቸው፤ ያው ነው» አለን። ሲያዩትም ያው ነው፤ ቀፎው ይመሳሰላል፣ ማርሹም አራት ነው። ዛሬ እዚህ መካከላችን የተቀመጡት የቀድሞው ሹፌራችን «ልጆቼ፣ ኮምቢ እኮ ጎማዋ ጋ ሌላ ማርሽ አላት፤ ተጠንቀቁ» ብለውን ነበር። እኛ ደግሞ «ጋሼ የዱሮውን ነው የሚያወሩት» ብለን አለፍናቸው። ጋሼ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ካምቢዮው ቅዳሜ ማታ ታስሮ አለቀ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ አንደኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናይቱ ወደ ኋላ ሄደች። ሁለተኛ ቢያስገባ፣ ያው ወደ ኋላ። በመጨረሻ የኋላ ማርሹን ቢያስገባ ወደ ፊት ተራመደች! አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ሆነችላችሁ። የሰፈሩ ልጆች ሳቁ፣ እኛም ሳቅን።

እሑድ ሌሊት ግን ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ በጋሪና በጎረምሶች ትከሻ ተጓጓዘ፤ ምሰሶው ተተክሎ ሸራው እስኪወጠር ረፋዱ አለፈ። ለቀስተኛው በዝናብ ቆሞ፣ የሟች እናት በጎረቤት በረንዳ ተቀምጠው ነበር የደረስነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ቢናገሩን ይሻል ነበር።

አሁን ምክንያቱን እንንገራችሁ። በትንሿ ቮልስ የካምቢዮው ኃይል በሁለት ዘንግ ወጥቶ በቀጥታ ጎማውን ያዞራል። እስከ 1967 በተሠራው ኮምቢ ግን በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ አንድ ትንሽ የማርሽ ሳጥን አለ። ይህ ዘዴ በጦርነቱ ጊዜ ለጀርመን ጦር ከተሠራው የቮልስዋገን መኪና የመጣ ሲሆን፣ ጥቅሙ መኪናይቱን ከመሬት ከፍ ማድረግና ጭነት ስትይዝ ጉልበት መስጠት ነው። በኛይቱ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 1.26 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ሁለት ጥርሳም ማርሾች ሲነካከሱ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ሌላው ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ፋብሪካው ይህን አስቦ በኮምቢ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ትልቁን ክብ ማርሽ ከቮልስ በተቃራኒው ጎን አስቀምጦታል። ባለሙያዎቹ ኮሮና ይሉታል (ስሙ ከበሽታው በፊት የነበረ ነው)። እኛ የቮልሱን እንዳለ ስላሰርነው ሁሉ ነገር ተገለበጠ።

«ታዲያ የኋለኛውን ኮምቢ ካምቢዮ ለምን አልገዛችሁም?» ትሉ ይሆናል። እርሱም አይሆንም። ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ኮምቢ የጎማ ሳጥኑ ቀርቶለት ዘንጉም በሌላ ዓይነት መጋጠሚያ የሚሠራ ስለሆነ ከኛይቱ የኋላ እግር ጋር አይገናኝም።

መፍትሔው ካምቢዮውን እንደገና አውርዶ ዲፈረንሻሉን ገልብጦ ኮሮናውን ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነበር። ይህ በመዶሻ የሚሆን ሥራ አይደለም። በኮሮናውና በሚነዳው ትንሽ ማርሽ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከጠበበ ይግላል፣ ከሰፋ እየጮኸ ጥርስ ይበላል። መካኒኩ በስስ ቀለበቶች እያስተካከለ ሁለት ቀን ሙሉ ለካው። የፊቱን ክዳን ከአሮጌው ነቅሎ ገጠመ። መኪናችን ባለ 6 ቮልት ስለሆነች የቮላኖዋ ጥርስ 109 ነው፤ የ12 ቮልቱ 130 አለው። ቮላኖውንና ሞተሪኖውን የራሷን ትተን ካምቢዮው ውስጥ ያለውን የሞተሪኖ ዘንግ ማረፊያ ብቻ አስለወጥን። ዘይቱ ለካምቢዮው 2.5 ሊትር ሲሆን በሁለቱ የጎማ ሳጥኖች ደግሞ ለየብቻ ሩብ ሩብ ሊትር ይገባል። ይህ የሳጥኑ ዘይት የሚረሳ ነገር ስለሆነ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ጽፈን ለጥፈነዋል።

አሁን ኮምቢዋ ደህና ናት። የቮልሱ የመጨረሻ ማርሽ 4.375 ሲሆን የበፊቱ 4.125 ስለነበረ ዳገት ላይ ከድሮው ትበረታለች። ሜዳ ላይ ፍጥነቷ ቀንሷል፤ ሞተሩም ቶሎ ይጮኻል። ድንኳን ለሚጭን ሰው ይህ ቅሬታ አይሆንም። ሹፌሩ ግን ትንሽ ያጉረመርማል።

ስለ ገንዘቡ፦ ጋራዡን አንከስም፤ እሰሩ ያልነውን ነው ያሰሩት። ስለዚህ ሁለተኛውን የእጅ ዋጋ እኛ አምስታችን ከኪሳችን ለመክፈል ለሥራ አስፈጻሚው ጽፈናል፤ ጉባኤው ይወስንበት። አሮጌው ካምቢዮ አልተሸጠም። የኮምቢ ኮሮና በቀላሉ ስለማይገኝ በዘይት ነክረን፣ በጆንያ ጠቅልለን ከድንኳን ምሰሶው ጀርባ አስቀምጠነዋል። ማየት የሚፈልግ አባል ቁልፉን ከገንዘብ ያዡ ጠይቆ ማየት ይችላል።